በእንቁላሉ ጊዜ ስለ መቅጣት

ለአሳዳጊ ወንድሜ ለጋሼ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ደግሜ፣ እንዴት ነዎት? ጉልበትዎ ቀለል አለዎት ወይስ አሁንም ደረጃ በወጡ ቁጥር «ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ» እያሉ ቤቱን ያስቃሉ? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗን ያየላት ሐኪም ምን አለ? ጠብታውን በሰዓቱ ታደርገዋለች ወይስ እንደ ልማዷ ለክፉ ቀን ብላ አስቀመጠችው? እትዬ ወገባቸውን ተሻላቸው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ክንዴ ላይ ስለነበረው ቁስልም አያስቡ፤ ሽሯል፤ ቀዝቃዛ ቀን ብቻ ጠዝጠዝ ያደርገኛል። ለእማዬ በር ገጭቶኝ ነው ብያታለሁና ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለው እንዳያነቡት አደራ።

ባለፈው እሑድ ሲደውሉ ድምፅዎ ውስጥ ቁጣ ነበር። «ከመንገድ አንሥተው ጠረጴዛ ሥር ወሸቁሽ የሚባለው እውነት ነው? አዛዥሽን በሰው ፊት ተናገርሽው አሉ። ምን ሆነሻል?» አሉኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የራሴን ወሬ ከእርስዎ ሰማሁት። ቀጥለውም «ሰውዬው ምን አጠፋ? እኔም ዕድሜዬን ሙሉ በፖሊስነት ያገለገልኩት እንደዚያው ነው፤ ጥቃቅኑን ያልቀጣ ትልቁን ያሳድጋል» ብለው ያንን ስንቴ የነገሩኝን ተረት አነሡብኝ፤ ሊሰቀል የቆመው ሌባ እናቱን «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ያላትን። እኔ ዝም አልኩ። አኩርፌ አይደለም፤ መልሱ በስልክ የሚያልቅ አልሆን ብሎኝ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልዎት። እስከ መጨረሻው ሳይደርሱ ግን አይፍረዱብኝ።

የምሠራበትን መንገድ አላዩትምና ከእሱ ልጀምር። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለ፣ በአንዱ ጫፍ ፍራሽ ቤት፣ በሌላው ጫፍ መድኃኒት ቤት የቆመበት፣ በመሐሉ ቁልፍ ቀራጭ፣ ጫማ ጠጋኝ፣ ስልክ ጠጋኝና መጠጥ ቤቶች የተደረደሩበት መንገድ ነው። ጎኑ ላይ በሩና መስኮቱ የተነቀለ አሮጌ መጋዘን ነበር። የመንገዱ መብራቶች ከተሰበሩ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። ከአውቶቡስ የሚወርድ ሰው ቦርሳውን እንደ ሕፃን አቅፎ ነበር የሚያልፈው። አዲሱ አዛዥ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ቀጭን፣ ጫማውን ራሱ የሚወለውል፣ ከሁላችንም ቀድሞ በእግሩ የሚገባ ሰው ነው። ስድብ ከአፉ አይወጣም። ክፉ ነው ብዬ ብጽፍልዎት ነገሩ ይቀልልኝ ነበር፤ ግን አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ሰበሰበንና «ሰው የተሰበረ አምፖል ሲያይ እዚህ ማንም ግድ የለውም ይላል። ከአምፖሉ ይጀምርና ኪስ ይገባል፤ ከኪስ ወጥቶ ጉሮሮ ይይዛል» አለን። እርስዎ የተናገሩ መስሎኝ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ወራት የተባረኩ ነበሩ። አምፖሎቹ ተተኩ። የመጋዘኑ በርና መስኮት በብሎኬት ተደፈነ። መጠጥ ቤቶቹ በሰዓታቸው እንዲዘጉ ተደረገ፤ ባለቤቶቹ አጉረመረሙ፣ ኋላ ለመዱት። በየሳምንቱ መጨረሻ ጭንቅላቱ የተፈነከተ ሰው ማመላለስ ቀረልን። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ከሥራ ስትወጣ ወንድሟን መጥራት ትታ ብቻዋን መሄድ ጀመረች። አንድ ቀን ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚሸና ሰው ይዘን ስንፈትሸው ከብብቱ ሥር ሽጉጥ ወጣ፤ ሲጣራ በሌላ ከተማ ሰው ገድሎ የሚፈለግ ሆኖ ተገኘ። ጋሼ፣ ይህን ሲያነቡ ጭንዎን መትተው «አላልኩሽም!» እንደሚሉ አውቃለሁ። ብለውኛል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው ብዬ እኔም አምኜ ነበር። ባልደረቦቼማ ገዳዩን ያስያዘው ፊኛው ነው እያሉ ሲስቁ ከረሙ።

ነገሩ የተጣመመው በአንድ ጊዜ አይደለም። የበላዮቹ ውጤቱን ወደዱትና የያዝነው ሰው ብዛት ከሌሎች ጣቢያዎች ጋር እየተነጻጸረ በየሳምንቱ ይነበብ ጀመር። አምፖል አንዴ ከተተካ ተተካ ነው፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ሪፖርት አይሆንም። ሰው ግን በየቀኑ ይገኛል። ስለዚህ አፈሳ ተጀመረ። ፒካፑን ይዘን እንወጣና መንገድ ዳር የሚሸጠውን፣ ካርቶን አንጥፎ የተቀመጠውን፣ ግድግዳ ተደግፎ የቀን ሥራ የሚጠብቀውን እንጭናለን። ሌባማ እጁ ባዶ ስለሆነ ሮጦ ያመልጣል። ምድጃና ፔርሙስ የተሸከመች ሴት የት ትደርሳለች? ቀስ በቀስ የምንይዘው ጥፋት ያለበትን ሳይሆን ሸክም የከበደበትን ሰው ሆነ። እኔም ከሌሎቹ አልተለየሁም። ታዝዤ ወጣሁ፣ ጫንኩ፣ ተመለስኩ።

ከምንይዛቸው አንዷ ማዕዘኑ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ከእትዬ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ብርጭቆዎቿ ጥቂት ስለሆኑ ደንበኞቿን «ቶሎ ቶሎ ጠጡልኝ፣ ሰው ቆሟል» ስትል ስለምትውል ሰፈሩ ቶሎ ቶሎ ብሎ ይጠራታል። ሹፌሮቹ ሊያበሽቋት ሲፈልጉ «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰምበሌጥ» ይሏታል፤ እሷም «የእኔስ ሰምበሌጥ አለው፣ የአንተ ግድግዳ የታል?» ትላቸዋለች። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የማን ዕቃ እንደጠፋ፣ ማን ከሥራ እንደተባረረ ከእሷ የማይደርስ ወሬ የለም። ራሴም ብዙ ጊዜ ጭኛታለሁ። አንድ ቀን ፒካፑ ላይ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «ልጄ፣ ሐኪሙ ተራመጂ ሲለኝ እምቢ ብዬው ነበር፤ አንቺ ግን ሩጫ አስጀመርሽኝ» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ጣቢያ አሳድረን እንለቃታለን፤ በማግስቱ እዚያው ማዕዘን ላይ ናት።

ከእሷ ፊት ለፊት አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ወደ መንገዱ መሥሪያዋ፣ ከመጋረጃው ጀርባ መኝታዋ የሆነ አንድ ክፍል ነው ያላት። የጣቢያውን ሰው ሁሉ ዩኒፎርም የምታጠበውም የምታሰፋውም እሷ ነበረች፤ ማን እንደወፈረ ከሐኪም በፊት የምታውቀው እሷ ናት እየተባለ ይቀለድ ነበር። ሱሪ ልታሳጥርልኝ ተንበርክካ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስታወራ እንዴት እንደማትውጠው ይገርመኝ ነበር። ደጃፏን ጠዋት ጠዋት በውሃ ታጥባለች፤ የመስኮቷን መስተዋት በጋዜጣ ትወለውላለች። አዛዡ ሲያልፍ ቆም ብሎ «መንገዱ ሁሉ እንደዚህች ሴት ደጃፍ ቢሆን እኛ ሥራ እንፈታ ነበር» ይል ነበር።

ይህች ሴት አንድ ቀን ጣቢያ መጣችና ከእኔ ጋር ብቻ መነጋገር እንደምትፈልግ ለተረኛው ነገረችው። ከባሏ ከተለያየች ከርማለች። ሰውዬው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጺሙን የተላጨ፣ መንገድ ላይ ትልቅ ሰው ሲያይ ባርኔጣውን የሚያነሣ። መጠጥ አይቀምስም፤ ጮክ ብሎ አይናገርም። እሷ ግን ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ «በራስሽ መቀስ ነው የምቆርጥሽ» እንዳላት ነገረችኝ፤ ሲላትም ፈገግ ብሎ ነበር። «ቢጮህብኝ እኮ ጎረቤት ይሰማልኝ ነበር» አለች። ቃሏን ተቀበልኩ። ማክሰኞ ዕለት ሰውዬው ከጉዞ ሲመለስ ጋራዡ ድረስ ሄደን ለጥያቄ እንደምናመጣው፣ እሱ ቃሉን እስኪሰጥም እኔ ከእሷ ዘንድ እንደምውል ነገርኳት። ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ «ማክሰኞ አልሽኝ አይደል?» አለች። «ማክሰኞ» አልኳት።

ማክሰኞ ጠዋት ከበላይ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለና ያለነው ሁሉ ለአፈሳ እንድንወጣ ታዘዘ። ወደ አዛዡ ክፍል ገብቼ ጉዳዬን አስረዳሁት። በጥሞና አዳመጠኝ፤ አልሰማኝም ማለት አልችልም። «ደጃፏ ላይ ጠብ ተነሥቶ ያውቃል? ጎረቤት አቤት ብሏል?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። «እንግዲያው ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራሽ ይሁን። ለዛሬ መንገዱ ይቅደም» አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ አዛዡ እንኳ ገደሉን አላየም፤ እኔ ግን ገደሉን በዓይኔ አይቼ ሳሩን ሳጭድ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ፒካፑ ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ ሻይ ሻጯ ቶሎ ቶሎ እንደ ልማዷ ፔርሙሷን አንሥታ በመጋዘኑ በኩል ሮጠች። መኪናው ሞልቶ ስለነበር አልተከተልናትም። ጥቂት ቆይታ ግን ዕቃዋን የሆነ ቦታ ጥላ ባዶ እጇን ወደ እኛ ስትመለስ አየኋት። ጋሼ፣ እዚያ መንገድ ላይ ከእኛ የሚሸሽ እንጂ ወደ እኛ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። አንዱ ባልደረባዬ ክንዷን ይዞ «ዛሬ ደግሞ እግርሽ ከዳሽ?» እያለ ወደ መኪናው ይስባታል፤ እሷ «ገብቷል! ልብስ ሰፊዋ ጋ ገብቶ በሩን ዘግቷል!» ትላለች። «ይህን ዘፈን እናውቀዋለን፤ ይልቅ መኪናው ላይ ውጪ» አላት። ዓይኗ መኪናው ላይ የቆምኩትን እኔን ፈልጎ አገኘኝ። «አንቺ! አንቺ ታውቂያለሽ!» አለችኝ።

ዘልዬ ወረድኩ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ዘወትር ከመንገድ የሚሰማው የስፌት መኪናዋ ድምፅ የለም። በትከሻዬ ብገፋው አልነቃነቅ አለ። ቁልፍ ቀራጩ ብረት ይዞ ደረሰልኝና መቀርቀሪያውን ፈነቀልነው። ሰውዬው መቀሱን ይዞ ቆሟል፤ ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነው። ሲሰነዝርብኝ ክንዴን አገኘኝ፤ ባልደረቦቼ ከኋላዬ ገብተው ያዙት። እሷ ከመጋረጃው ሥር ወድቃ ነበር። ቁስሏን በሁለት እጄ ይዤ ተንበረከክሁ። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና «መጣሽ» አለች። ሌላ አላለችም። ዘገየሽ አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

የጫንናቸውን ሰዎች ከፒካፑ አውርደን እሷን በእሱ ወሰድናት። የወረዱት አልሸሹም። ጫማ ጠጋኙ የራሱን ካርቶን ከሥሯ አነጠፈላት፤ አንዱ ጃኬቱን አውልቆ ከራስጌዋ አደረገ። ሆስፒታል ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ሳምንቱ ሳያልቅ አረፈች። የቀበርናት ራሷ የሰፋችውን ዩኒፎርም ለብሰን ነው።

ከዚያማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ፤ መንገዱ በፖሊስ ተሞላ። ሰውዬው ቃሉን ሲሰጥ ረጋ ብሎ፣ መቀሱን መጀመሪያ ያነሣችው እሷ ናት፣ እኔ ራሴን ስከላከል ነው አለ። እንዴት እንደገባና ሲገባ ምን እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ቶሎ ቶሎ። እሷ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዕዘኑ ላይ አልታየችም። የት እንደምትኖር ብንጠይቅ ሰፈሩ ሁሉ አናውቅም አለን። ትናንት ሻይዋን ሲጠጣ የዋለው ሰው ዛሬ «ማናት እሷ?» ይለናል። ደብቀው ይዘዋት ነበር፤ ከእኛ።

በዚያ ሰሞን አዛዡ ሰብስቦ ሪፖርቱን አነበበልን። የኪስ ስርቆት ቀንሷል፤ የመንገድ ላይ ጠብ ቀንሷል። ውሸት አይደለም፣ ቀንሷል። ሲጨርስ እጄን አወጣሁና «ጌታዬ፣ ልብስ ሰፊዋ እዚህ ሪፖርት ውስጥ የት ጋ ናት?» ብዬ ጠየቅሁ። በሰው ፊት ተናገርሽው ያሉኝ ይህ ነው። ከጎኔ ያለው ባልደረባዬ እግሬን ረገጠኝ። አዛዡ ወረቀቱን እንደገና አየ፤ ከዚያ አጥፎ ኪሱ ከተተውና «የለችም» አለ። «ደጃፏ ንጹሕ ስለነበር አላየናትም» አልኩ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ «ሻይ ሻጯን አብረን እንፈልጋት» አለኝ።

ያገኘናት ከመንገዱ ራቅ ብሎ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ፣ ከእህቷ ጋር በምትኖርበት ክፍል ውስጥ ነው። አቅጣጫውን የነገረን ቁልፍ ቀራጩ ነበር፤ እሱም እኔን ብቻ ወደ ጎን ወስዶ፣ እንደማልጭናት አስምሎኝ። ቶሎ ቶሎ ዩኒፎርሜን ስታይ መጀመሪያ ያደረገችው ምድጃውን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር መግፋት ነበር። አዛዡ ይህን አየ። ኮፍያውን አውልቆ በር አጠገብ ያለ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እንድትመሰክር ለመናት። እሷም «እናንተ ዘንድ እኔ የምታወቀው በጥፋት ነው። የጥፋተኛን ምስክርነት ማን ያምናል?» አለች። ብዙ ከተለመነች በኋላ አፏን በመዳፏ ይዛ አለቀሰች። «ሲገባ አይቻለሁ። 'ዛሬ ልክሽን የምለካልሽ እኔ ነኝ' ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጮህ ስል የእናንተ መኪና ብቅ አለ። እናንተን ሳይ እግሬ ከልቤ ቀደመ። ግማሽ መንገድ ሮጬ ነው የተመለስኩት። ያን ግማሽ መንገድ ባልሮጥ ትተርፍ ነበር» አለች።

አዛዡ በርጩማውን ወደ እሷ አስጠጋ። ዓይን ዓይኗን እያየ «እማማ፣ ያን ግማሽ መንገድ ያስሮጥኩዎት እኔ ነኝ። ሸክሙ የእርስዎ አይደለም» አላት። እኔም እህቷም ደነገጥን። እኛ ጣቢያ ውስጥ እሷን አንቱ ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም። እሷ ራሷ የሆነ ሰው ከኋላዋ የቆመ መስሏት ዞር ብላ አየች።

መሰከረች። ፍርድ ቤት የሄደችው የእህቷን ጫማ ተውሳ ነው፤ ጠቧት ኖሮ ስታነክስ ነበር። የሰውዬው ጠበቃ ሊያቃልላት ፈልጎ «ስንት ጊዜ ተይዘሽ ታውቂያለሽ?» ሲላት «ሻይ በመሸጥ ቆጥሬው አላውቅም። ሰው በመግደል ግን አንዴም አልተያዝኩም» ብላ መለሰችለት። አዳራሹ ሳቀ፤ ዳኛዋ እንኳ ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሰውዬው ረጅም እስራት ተፈረደበት። ፍርዱን ሲሰማም ፊቱ አልተለወጠም።

አዛዡ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ ብዬ አልዋሽዎትም። አምፖል ሲሰበር አሁንም ራሱ ቆሞ ያስተካል፤ ደግ ያደርጋል። መጠጥ ቤቶቹም በሰዓታቸው ይዘጋሉ። አፈሳውን ግን በጣም ቀነሰው፤ በዚህም ከበላዮቹ ጋር ተቃቅሯል፤ ዘንድሮ ይዛወራል የሚል ወሬ አለ። ለሻይ ሻጮቹና ለጫማ ጠጋኙ መንገድ ሳይዘጉ የሚቆሙበት ቦታ ተለይቶ ተሰጣቸው። ከእነሱ ጋር መጨቃጨቁ አልቀረም፤ ሁሉም ጥላ ያለውን ጫፍ ይፈልጋል። የኪስ ስርቆቱም በአፈሳው መቀነስ አልጨመረም፤ ወይም እስካሁን አልጨመረም። ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

እኔ ከመንገድ ተነሣሁ የሚባለውም እውነት ነው፤ ያነሣኝ ሰው ግን የለም፣ ለምኜ ነው። የቤት ውስጥ ዛቻና ድብደባ አቤቱታ የሚሰማበት ክፍል ይከፈት፣ እዚያ የሚሠራ ሰውም ለሌላ ዘመቻ አይታዘዝ ብዬ ጠየቅሁ፤ አዛዡ ተስማማ። ጠረጴዛ ሥር ያሉት ይህን ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ቀድሞ የተሰበረ ወንበር ይከማችበት ነበር። ደረጃዬ አልተቀነሰም። ቢቀነስም እዚሁ እቀመጥ ነበር።

አሁን ወደ ክርክራችን ልመለስ። ጋሼ፣ ተረትዎ ውሸት ነው አልልም። መንገዱ ሲበራ ሰው ሲረጋጋ፣ ጠብ ሲቀንስ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ደጋግሜ ሳስበው፣ የተረቱ እናት ልጇን ታውቀዋለች። እንቁላሉን ማን ይዞ እንደመጣ አይታለች። እኛ እንቁላል የሰረቀውን ከሚሸጠው ሳንለይ ነው የቀጣነው። እርስዎ በፖሊስነትዎ ዘመን ሰክረው የረበሹትን ጎረምሶች ሰልፍ አስይዘው መንገድ ያስጠረጉ ጊዜ የእያንዳንዱን እናት በስም ያውቁ ነበር፤ ማታውን ከአንደኛው ቤት ተጠርተው እራት በሉ። የተቀጣው ልጅ ራሱ እጅዎን አስታጠበዎት። ለእርስዎ የሠራው ቅጣቱ ይሁን መታወቁ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። ሌላም አለ። ትልቁ ጥፋት ሁሉ ከትንሹ አይወለድም። ያ ሰውዬ ግድግዳ ላይ ሸንቶ አያውቅም። አምፖል አልሰበረም። የመንገዱን ቆሻሻ ሁሉ ብንጠርግ እሱን አንነካውም ነበር፤ እሱን ልናገኘው የምንችለው አንዲት ሴት ስትናገር ብናምናትና በቀጠርናት ቀን ብንሄድ ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅዎትና በጽሑፍ ይመልሱልኝ። በአገልግሎት ዘመንዎ ሊነግርዎት የፈለገው ነገር እያለው እርስዎን ሲያይ የሸሸ ሰው ነበረ ይሆን? ልወቅስዎ አይደለም፤ ይህን ዩኒፎርም የለበስኩት እርስዎን አይቼ ነው። ከእርስዎ በቀር ሥራውን የሚያውቅልኝ ዘመድ ስለሌለኝ ነው የምጠይቅዎት።

እማዬን ጉልበቷን ስመው ሰላም ይበሉልኝ፤ ጠብታውን እርስዎ ራስዎ ያድርጉላት። ለእትዬ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሡ፣ የሚነሣ ካለም እርስዎን እንዲያሸክሙ ይንገሩልኝ። ትልቋ ልጅዎ ለፈተናው እንዳትፈራ፣ በእኔ ጊዜ እኔም በፍርሃት እስክሪብቶ ረስቼ እንደሄድኩ ይንገሯት። አኩራፊው ትንሹ ልጅ ጥርሱ በቀለ ወይ? ሲስቅ ማየት የምፈልገው ከእነ ሙሉ ጥርሱ ነው። ለጎረቤታችን ለአናጢው፣ ለሚስቱም፣ ስሜን ለሚጠሩ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

ሌላም ልጨምር ነበር፤ ግን በሬ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ሻርፗን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ግቢ ብላት «ሥራ ይዘሻል መሰለኝ፣ ነገ ልመለስ» አለችኝ። አሁን ነው የምትገቢው አልኳት። ወንበር እየሳብኩላት ነው፤ ደህና ይሁኑልኝ።

ታናሽ እህትዎ

ከጣቢያው፣ ከጓሮ በኩል ካለችው ጠባብ ክፍል
ረቡዕ፣ ግንቦት ፮ ቀን